ካሜራውን የያዘው ማን ነው?

(በተማሪዎች ኅብረት የኪነ ጥበብ ክፍል ስብሰባ ላይ ለወልድያና ለመርሳ ካምፓስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የኪነ ጥበብ ክፍሉ ስለ ሲኒማ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ «ፈተና በደረሰበት ሰሞን ደግሞ የሲኒማ ወሬ!» ብለው ሳቁብኝ። ሳቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ ብዙዎቻችን ሲኒማ ሲባል ትዝ የሚለን በልጅነታችን የምናውቀው ቪዲዮ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮት ላይ የተጋረደ ብርድ ልብስ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን መቶ ሰው ሲጥል። ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ በየኪሳችን ገብቷል፤ ሁሉም በስልኩ የሁለት ደቂቃ ቧልት አይቶ ይተኛል። በበኩሌ ቧልትን አልጠላም። ነገር ግን ሲኒማ ማለት ይህ ብቻ ነው ብለን የተውነው እንደ ሆነ፣ እኛ በዚህ አገር ያለን ሰዎች ከሌላው ይልቅ የምንጎዳበት ምክንያት አለ።

ምክንያቱም ይህ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ ከተነሡት ፊልሞች ሁሉ የዓለም ሕዝብ አብዝቶ ያያቸው የተነሡት እኛ ዕለት ዕለት በምንመላለስበት መንገድ ዳር ነው፤ ከደሴ ተነሥቶ በውጫሌ፣ በመርሳ፣ በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ። ካሜራው በትልቁ የመጣው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የመጣው እህል በጠፋበት ዘመን ነው።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ዝናሙ ከድቶት፣ ከብቱን ሸጦና ቀብሮ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለተማሪው አሳዩ። መንግሥት ነገሩ እንዳይወራ ይፈልግ ነበርና ፎቶግራፉ ራሱ እንደ ወንጀል ተቈጠረ። ከዚህ በኋላ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መጣ። «ያልታወቀው ረኃብ» የተሰኘው ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያየው ሕዝብ ደነገጠ፤ ርዳታም ተዋጣ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የጋዜጠኝነት ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። የሲኒማ ትምህርት የሚሆነው ተከታዩ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ቈራርጦ፣ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ሥዕል አስገብቶ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እስቲ ይህን ልብ ብለን እንመልከተው። የተራበው ሰው ሥዕል አልተለወጠም፤ ያው እንግሊዛዊው ያነሣው ነው። የድግሱም ሥዕል ሐሰት አይደለም። የተለወጠው አንዱ ከሌላው ጐን መቀመጡ ነው። ይህን ነገር ሩሲያዊው ኩሌሾቭ ቀድሞ አስተውሎታል። የአንድን ተዋናይ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሳጥን፣ አንድ ጊዜ ከሴት ሥዕል ጋር አያያዘው፤ ተመልካቹም «ሲርበው አየነው፣ ሲያዝን አየነው፣ ሲመኝ አየነው» አለ፤ ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ፊልም ሠሪዎች ሞንታዥ የሚሉት፣ እኛ ቅንብር የምንለው ጥበብ ዋናው ኀይሉ ይህ ነው። የኩሌሾቭ ሙከራ በሩሲያ ስቱዲዮ ተደረገ፤ የደርግ ቅንብር ግን በወሎ ገበሬ ፊት ተደረገ፤ የአንድ መንግሥት ፍጻሜም አብሮት ሄደ። ገበሬው ራሱ ሥዕሉን አላየም። በዚያን ጊዜ በገጠር ቴሌቪዥን ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ጊዜ 1977 ዓ.ም. ነው። ማይክል ቡርክ የተባለው የቢቢሲ ዘጋቢና ኬንያዊው ካሜራ ያዥ ሞሐመድ አሚን በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ያነሡት ዜና ጥቅምት 13 ቀን ታየ። ሲነጋጋ በሜዳው ላይ የተኰራመተውን ሕዝብ ያላየ ያ ትውልድ የለም ማለት ይቻላል። በዚሁ ምክንያት በውጭ አገር ዘፋኞች ዘፈን አወጡ፤ በሐምሌ ወር 1977 ዓ.ም. «ላይቭ ኤድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ትርዒት በለንደንና በፊላደልፊያ ተደረገ።

እነዚህን ካሜራ ያዦች ለመውቀስ አልተነሣሁም። ካሜራቸው ባይመጣ ኖሮ ከሞተው በላይ ስንት ሰው በሞተ ነበር! እህሉ የመጣው ሥዕሉን ተከትሎ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳታየው ኖረህ፣ የታመመ ዕለት ብቻ ፎቶግራፉን አንሥተህ፣ ያንኑ ሥዕል «ይህ ሰው ማለት ይህ ነው» ብለህ በዓለም ሁሉ ብትበትነው፣ ሥዕሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሰውየው ግን የለበትም። በዚያ ሥዕል ውስጥ የመርሳ ብርቱካንና ማንጎ የለም፤ የመንዙማ ሌሊት የለም፤ ከጐረቤታችን ከአምባሰል ስሙን የወሰደው ቅኝት የለም። ከሁሉም በላይ፣ ገበሬው ለምን እንደ ተራበ የሚናገርበት አፍ የለም። ድምፅ አለ፤ ድምፁ ግን የጋዜጠኛው ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያው በረኃቡና በአብዮቱ ሰሞን፣ የዘውዱ ሥርዓት ወድቆ ደርግ ገና ሥር ሳይሰድ፣ አንድ በአሜሪካን አገር በሎስ አንጀለስ የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ሲኒማ የሚማር ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ መጣ። ኃይሌ ገሪማ ይባላል። የተወለደው በጐንደር ነው፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጐንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት፣ ተውኔትም የሚደርሱ ሰው ናቸው። ልጁ 16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ይዞ መጥቶ፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ በሙያ ተዋናዮች ሳይሆን በአገሩ ሰዎች፣ በአማርኛ አንድ ረዥም ፊልም አነሣ። ስሙ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1968 ዓ.ም. ወጥቶ በስዊስ አገር በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ። ዛሬ ማርቲን ስኮርሴዚ የመሠረተው ድርጅት አድሶ ካቆያቸው የዓለም ነባር ፊልሞች አንዱ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብ ለአንድ ባለ መሬት ያርሳል። ባለ መሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሳደባል። ሴት ልጅ ከብት ትጠብቃለች። ከበበ የሚባል፣ ጣልያንን የተዋጋ፣ መሬቱን የተቀማ፣ ሰዉም እብድ የሚለው ሰው አለ፤ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ እዩት። ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ቀስ ይላል። ማረስ እንደ ማረስ ያህል ጊዜ ይወስዳል። ከወዲያኛው ኰረብታ አንድ ሰው ሲመጣ፣ እስኪመጣ ድረስ ትጠብቃላችሁ።

በዚህ ነገር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እሱ «ያሰለቻል» ይላል። እኔ ደግሞ ስልቹው ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው ክረምት መርሳ ላሉት አጎቴ ፊልሙን በላፕቶፕ አሳየኋቸው። አጎቴ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲወጣ ገና እረኛ ልጅ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ገበሬ ናቸው። ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩ። ገበሬው ሞፈሩን ይዞ ሲዞር ግን ቀና ብለው «ይኸ ሰውዬ ማረስ ያውቃል፤ ለይምሰል የያዘው አይደለም» አሉ። ባለ መሬቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲሳደብ ሣቁ፤ ሣቃቸው ግን የደስታ አልነበረም። «ወንበሩን ዐውቀዋለሁ» አሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሡ፤ እሱም ለሶላት ነው። ሲመለሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጅቱ ከብቶቹን መለሰች ወይ?» የሚል ነበር። ቀስ ማለቱ አላሰለቻቸውም፤ በሬ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያውቃሉና። እኛ በሁለት ደቂቃ የሠለጠንን ልጆች ነን ትዕግሥት ያጣነው።

ነጻ ሲኒማ የምለው ይህን ዓይነቱን ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሚነገር የሚወስነው ገንዘብ ሰጪው ሳይሆን ሠሪው ራሱ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ፕሮፌሰር ኃይሌ በኋላ ስለ ባርነት የሠሩት «ሳንኮፋ» በ1985 ዓ.ም. በበርሊን ለውድድር ቢቀርብም፣ በአሜሪካ የሚያከፋፍልላቸው ኩባንያ አጡ። እሳቸው ግን ተስፋ ቈርጠው አልተቀመጡም፤ ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው፣ ጥቁር ሕዝብ እርስ በርሱ እየተጠራራ እንዲያይ አደረጉ፤ ፊልሙም በዚህ መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቡና ቤት ከፍተዋል። «ጤዛ»ን ለመሥራት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀባቸው፤ ከዚያ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቬኒስ ሁለት ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። «ጤዛ» ተምሮ ከጀርመን አገር ወደ ጣና ዳር መንደሩ የተመለሰ ሐኪም ታሪክ ነው። በመንደሩ ወጣቶቹ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ይደበቃሉ፤ የተማረውም ሰው ሊረዳቸው አይችልም። ይህን ፊልም አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳያይ ባይመረቅ ደስ ይለኛል።

በእርግጥ ከእሳቸው በፊትም ሲኒማ ነበረን። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ታየ፤ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን በአብዮቱ ዋዜማ አወጣ። በቅርቡም የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አገኘ፤ በ2007 ዓ.ም. የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። በ«ላምብ» ውስጥ ድርቅ ከቀዬው ያፈናቀለው ልጅ አለ፤ ሆኖም ይህ ልጅ እጁን ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ አይደለም። በግ አለው፤ ወጥ መሥራት ይችላል፤ አጎቱ «ወንድ ልጅ ምን ሲል ማጀት ይገባል» ብሎ ይቈጣዋል። ድርቁ እዚያው ነው፤ ሰው ግን ተጨምሮበታል።

«ይህ ሁሉ ገንዘብና መሣሪያ ላለው ነው» የሚል ይኖራል። ስለዚህ ስለ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ላውራ። ሳትያጂት ራይ በካልካታ የማስታወቂያ ድርጅት ሠዓሊ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ከጓደኞቹ ጋር የፊልም ማኅበር አቋቋመ፤ ሥራቸው እየተሰበሰቡ የሌላ አገር ፊልም ማየትና መከራከር ነበር። ኋላም ለንደን ሄዶ የዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» አየ፤ የፋብሪካ ሠራተኛ እንደ ተዋናይ የተሠማራበት የጣልያን ፊልም ነው። ራይም «እንዲህ ከሆነማ እኔም እችላለሁ» ሳይል አልቀረም። «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለውን ፊልሙን ሲጀምር ካሜራ ያዡ የ21 ዓመት ወጣት፣ ፊልም አንሥቶ የማያውቅ ነበር። አንድ ቀን በነጭ አበባ የተሞላ ሜዳ ላይ ግማሹን ትዕይንት አንሥተው፣ በሳምንቱ ቀሪውን ሊያነሡ ቢመለሱ አበባውን ከብት ግጦ ጨርሶታል! እንደ ገና እስኪያብብ አንድ ዓመት ጠበቁ። (የሐብሩ ልጅ የሆነ ይህ ነገር አይደንቀውም፤ ከብት ለሲኒማ አያዝንም።) ገንዘቡ አልቆ ሚስቱ ጌጣጌጣቸውን አስይዘዋል። በመጨረሻ የቤንጋል መንግሥት ረዳው፤ ርእሱ የመንገድ ስም ስላለበት ወጪው በመንገድ ሥራ መዝገብ ገባ ይባላል። በ1948 ዓ.ም. በካን ተሸልሞ ሕንድን በዓለም ሲኒማ ካርታ ላይ አስቀመጣት።

ሁለተኛው ሴኔጋላዊው ዑስማን ሰምቤን ነው። በማርሴይ ወደብ ሸክም ሲሸከም የኖረ፣ ከዚያም ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። መጽሐፉን ግን ወገኑ ማንበብ እንደማይችል ባየ ጊዜ፣ ወደ አርባ ዓመት በተጠጋ ዕድሜው ወደ ሞስኮ ሄዶ ሲኒማ ተማረ። በ1955 ዓ.ም. ያወጣው «ቦሮም ሳሬት» ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንድ ባለ ጋሪ ዳካር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ያመላልሳል። በመጨረሻ ጋሪ ወደማይገባበት የሀብታሞች ሰፈር አንዱን ሰው ሲያደርስ ፖሊስ ጋሪውን ይነጥቀዋል። ይኸው ነው። እያንዳንዳችን ከመናኸሪያ እስከ ግቢ የሚያመጣንን ባለ ባጃጅ እናውቃለን፤ ስለ እሱ ሃያ ደቂቃ የሚሆን ነገር የለም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ከእኛ አገር ሴቶች ደግሞ ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያን ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1980ዎቹ ዓመታት «ዴሉጅ»፣ ማለት የጥፋት ውኃ፣ የሚባል ዘጋቢ ፊልም ሠርተዋል። ስለ ተማሪዎች ንቅናቄና ከዚያ በኋላ ስለ ወረደው መከራ ነው። የሚተርኩት ግን ከላይ ሆነው እንደ ታሪክ ጸሐፊ አይደለም፤ ከወንድማቸውና ከልብ ጓደኛቸው ተነሥተው ነው። እንደ እኛ በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለው ሲከራከሩ የነበሩ ወጣቶች በጥቂት ዓመት ውስጥ እርስ በርሳቸው ወዴት እንደ ደረሱ ላየ ሰው፣ ይህ ፊልም እንቅልፍ አይሰጥም።

አሁን ስለ እኛ ዘመን አንድ ነገር ልበል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማችን በገባ ጊዜ ካሜራ የያዘ የውጭ ጋዜጠኛ አላስፈለገም፤ ሁሉም በእጁ ስልክ ነበረው። ስለዚህ አገር ብዙ ሥዕል ተበተነ፤ የሃያ ሰከንድ፣ የሠላሳ ሰከንድ ቊራጭ። እያንዳንዱ ቊራጭ ከፊቱ ምን እንደ ነበረ፣ ከኋላው ምን እንደ ተቈረጠ አይናገርም። አንዱ ሥዕል ከአንዱ ጋር ተያይዞ ሲለጠፍ፣ ያ የዘመን መለወጫ ምሽት የደርግ ቅንብር በየቀኑ በየኪሳችን ይደገማል ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ሰው ደግሞ ኩሌሾቭን አላጠናም፤ ግን ኀይሉን ዐውቆታል። የማናውቀው እኛ ተመልካቾቹ ነን። ሥዕል ማንበብ ያልተማረ ሰው፣ ፊደል እንዳልቈጠረ ሰው፣ ሌላው ያነበበለትን ያምናል። አንዳንድ መምህራን «ይህ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ጉዳይ ነው» ሲሉ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው። የእርሻ ተማሪውም፣ የሕግ ተማሪውም ስልክ አለው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ አይደለም። በየዐሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማታ አንድ ፊልም በአንድ የመማሪያ ክፍል ፕሮጀክተር እናሳይ፤ አንድ ጊዜ በወልድያ፣ አንድ ጊዜ በመርሳ ካምፓስ። ከፊልሙ በፊት አንድ ሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ስለ ሠሪው ይናገር፤ ከፊልሙ በኋላ ክርክር ይሁን። ክርክሩ «ደስ ይላል፣ አይልም» ብቻ እንዳይሆን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ካሜራው የት ቆሞ ነበር? ማን ተናገረ፣ ማንስ ዝም አለ? ከየትኛው ሥዕል ቀጥሎ የትኛው መጣ? የመርሳዎቹን ምሽት ደግሞ ለአካባቢው ሽማግሌዎችና እናቶች ክፍት ብናደርገው ብዙ እንማራለን፤ ከአጎቴ የተማርኩትን ነግሬአችኋለሁ።

መጀመሪያ የሚታየው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይሁን። ረዥም ስለ ሆነ መካከል ላይ ዕረፍት እናደርጋለን። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ ለዚህም የነዳጅ መዋጮ የሚቀበል አንድ ሰው ዛሬ ከመበተናችን በፊት እንምረጥ። ቡናውን የሴቶች ክበብ አባሎች እንደሚያፈሉ ተናግረዋል፤ እኛ ወንዶቹ ደግሞ ቆሎውን ቆልተን እንድናመጣ ተወስኖብናል። ስም የሚጽፍ ካለ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ነው።